በአንድ ችሎት የቆሙ ሰዎች

የፆታ ዝንባሌን መሠረት ያደረገ መድልዎ በሕገ መንግሥቷ በግልጽ በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው አገር ስዊድን ወይም ሆላንድ ሳትሆን ደቡብ አፍሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 የጸደቀው የሽግግር ሕገ መንግሥት፣ ከዚያም በ1996 የወጣውና ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት፣ ዘርን፣ ፆታን፣ ሃይማኖትንና አካል ጉዳትን በዘረዘሩበት ረድፍ የፆታ ዝንባሌንም አስገብተዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩን በቅርብ ለሚመለከት ሰው ይህ እንቆቅልሽ ነው። ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ አብዛኛው ሕዝቧ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችም ፊት የማይሰጥ ነበር፤ ከቅኝ ገዥዎች የወረሰችው የሮማን ደች ሕግም በወንዶች መካከል የሚደረግን ግንኙነት በወንጀል ይቀጣ ነበር። ጉዳዩ ብቻውን ለሕዝብ ውሳኔ ቢቀርብ ኖሮ ይጸድቅ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ታዲያ እንዴት ጸደቀ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች በብዛት ይሰማሉ። አንደኛው ምዕራባውያን ለአዲሲቱ አገር ያሸከሟት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥቂት ብልህ የሕግ ባለሙያዎች ሕዝቡ ልብ ሳይል ያስገቡት ነው ይላል። የመጀመሪያው ቶሎ ይወድቃል፤ ምዕራባውያን በራሳቸው ሕገ መንግሥት ያልጻፉትን በሌላው ላይ ሊጭኑ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ሁለተኛው ከእውነቱ ቁራጭ ይዟል፤ የሕግ ባለሙያዎቹ ድርሻ በእርግጥ ከባድ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ባለሙያዎች ያንኳኩት በር ለምን ተከፈተላቸው የሚለውን አይመልስም። በሩን የከፈቱት በዘር አገዛዙ ላይ በተነሣው ሰፊ የሕዝብ ትግል ውስጥ ከሌላው እኩል የታሰሩ፣ የተደበደቡና በሞት ፍርድ ጥላ ሥር የዋሉ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረውም ለዚህ ነው፤ የጥቂቶች መብት ሥር የሚሰደው ጥቂቶቹ በሌሎች ትግል ውስጥ ድርሻቸውን ሲከፍሉና ትግሉ የሚምልበትን መርሕ በራሱ ላይ እንዲፈጽም ሲጠይቁት ነው።

ይህ ትስስር በደቡብ አፍሪካ አልተጀመረም። ኒው ዮርክ በሚገኘው ስቶንዎል መጠጥ ቤት ሰኔ 28 ቀን 1969 ሌሊት ፖሊስ ሲገባ የተቀሰቀሰው ግጭት በተነሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተመሠረተው ድርጅት “ጌይ ሊበሬሽን ፍሮንት” የሚል ስም ያወጣው የቬትናምን የነፃነት ግንባር እያሰበ ነው። መሥራቾቹ ብዙዎቹ ከፀረ ጦርነት ሰልፍ፣ ከጥቁሮች የመብት ትግልና ከሴቶች ንቅናቄ የመጡ ነበሩ። በነሐሴ 1970 የብላክ ፓንተር ፓርቲ መሪ ሂዩይ ኒውተን ጓዶቹ በሴቶችና በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ያላቸውን ጥላቻ እንዲመረምሩና እንዲተባበሯቸው በይፋ ጠየቀ። ከዚያም በፊት፣ በ1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ታላቁን ንግግር ያደረገበትን የዋሽንግተን ሰልፍ ያደራጀው ቤየርድ ረስቲን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነበር፤ ሰልፉ ሊካሄድ ሳምንታት ሲቀሩት ሴናተር ስትሮም ተርመንድ በምክር ቤት ቆሞ ስሙን ለማጉደፍ ሲነሣ፣ የሠራተኞች መሪው ፊሊፕ ራንዶልፍ ከጎኑ ቆሞለታል። ይሁንና ሁለቱ ትግሎች እስከ መጨረሻው ተሳስረው ወደ አገር መሠረታዊ ሕግ የገቡት በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ለዚህም መጀመሪያ አገዛዙ ራሱ እንዴት እንዳስተሳሰራቸው ማየት ያስፈልጋል።

አፓርታይድ የሰውን የመኝታ ቤት ጉዳይ በሕግ ለመግዛት ከጣሩ አገዛዞች አንዱ ነበር። “የሥነ ምግባር ጉድለት አዋጅ” ተብሎ የሚታወቀው ሕጉ በነጭና ነጭ ባልሆነ ሰው መካከል የሚደረግን የፍቅር ግንኙነት በእስር ይቀጣ ነበር። በ1966 ፖሊስ በጆሃንስበርግ ፎረስት ታውን በተባለ ሰፈር በተካሄደ የግል ግብዣ ላይ ደርሶ ተጋባዦቹን ካፈሰ በኋላ፣ መንግሥት ይህንኑ አዋጅ በ1969 አሻሽሎ ወንዶች በግብዣ ላይ የሚያደርጉትን መቀራረብ ወንጀል አደረገ፤ ግብዣ ማለትም ከሁለት ሰው በላይ የተገኘበት ስብስብ ሁሉ ነው ብሎ ደነገገ። ጥቁር ወንድ ነጭ ሴት እንዳይወድ የሚከለክለውና ወንድ ወንድን እንዳይወድ የሚከለክለው አዋጅ አንድ ነበር፤ የሚያስፈጽመውም ፖሊስ አንድ ነበር። ይህን አንድነት ግን ከተጨቋኞቹ ወገን ለረጅም ጊዜ ያስተዋለው ጥቂት ነው። በ1982 የተቋቋመው “የደቡብ አፍሪካ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ማኅበር” በምሕጻሩ ጋሳ፣ አባላቱ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ፤ ፖለቲካ አይመለከተኝም የሚል አቋምም ይዞ ነበር።

በዚህ ማኅበር ውስጥ አንድ ወጣት ጥቁር አባል ነበር፤ ስሙ ሳይመን ንኮሊ ይባላል። በ1957 በሶዌቶ የተወለደው ንኮሊ በደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ኮንግረስ ውስጥ የትራንስቫል ክፍል ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ ኋላም በመላ አገሪቱ የተቃውሞ ማኅበራትን ባሰባሰበው ዩናይትድ ዴሞክራቲክ ፍሮንት ታቅፎ ታግሏል። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑ በተማሪዎቹ ድርጅት ሲታወቅ በአመራር ይቆይ ወይስ ይውረድ በሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ድምፅ ተሰጥቶበት ብዙኃኑ እንዲቆይ ወሰኑ። በ1984 ንኮሊ በጋሳ ውስጥ “የቅዳሜ ቡድን” የሚል የጥቁሮች ስብስብ መሠረተ። በዚያው ዓመት መስከረም የቫል አካባቢ ነዋሪዎች በቤት ኪራይ ጭማሪ ምክንያት አመፁ፤ በሴቦኬንግና በአካባቢው ብዙ ሰው ተገደለ። ንኮሊ በዚያ ሰሞን ከተገደሉት ሰዎች የአንዱን ቀብር ተከትሎ ተያዘ። ከዩናይትድ ዴሞክራቲክ ፍሮንት መሪዎች ከፖፖ ሞሌፌና “ቴረር” በሚል ቅጽል ከሚታወቀው ሞሲኡዋ ሌኮታ ጋር፣ በጠቅላላው 22 ሰዎች፣ ዴልማስ በተባለች ትንሽ ከተማ በአገር ክህደት ተከሰሱ። የክሱ ቅጣት እስከ ሞት ይደርስ ነበር።

ትግሉ በእውነት የተፈተነው እዚህ ላይ ነው። ንኮሊ ማንነቱን በእስር ቤት ሲገልጽ ከተከሳሾቹ አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ ዐቃቤ ሕግ ይህን ይዞ የሁላችንንም ስም ያጠፋል፣ ጉዳዩ ተነጥሎ ይታይ ያሉም ነበሩ። ከረጅም ክርክር በኋላ ግን አብረው ለመቆም ወሰኑ። ንኮሊ በ1988 በነፃ ተለቀቀ፤ የተፈረደባቸው ጓዶቹም በይግባኝ በ1989 ነፃ ወጡ። ሌኮታ ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ጊዜ ሲናገር፣ የንኮሊ ግልጽነት ሁላቸውንም ያስተማረ እንደነበር፣ ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍም እንደ እርሱ ያሉ ትግሉን ትከሻቸውን ሰጥተው የገፉ ሰዎች ይገለሉ ለማለት አፍ እንዳልነበራቸው መስክሯል። ለእኔ የጠቅላላው ታሪክ ቁልፍ ይህ ምስክርነት ነው። ሌኮታ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በመጽሐፍ አንብቦ ወይም የውጭ አማካሪ አስረድቶት አልተለወጠም። ሐሳቡን የለወጠው አብሮት የታሰረ፣ አብሮት ሊሰቀል የነበረ ሰው ነው። ስለ እኩልነት በአደባባይ የማለ ሰው በአንድ ችሎት የቆመውን ጓዱን ከእኩልነቱ ሊያወጣው ቢፈልግ፣ አስቀድሞ የገዛ መሐላውን ማፍረስ ነበረበት።

ከጋሳ ዕጣ ጋር ሲነጻጸር ትርጉሙ ይበልጥ ይጎላል። ማኅበሩ አባሉ በሞት ቅጣት ክስ ታስሮ ሳለ በይፋ ሊደግፈው አልፈለገም። በ1987ቱ የነጮች ብቻ ምርጫ ደግሞ “ኤግዚት” የተባለው የነጭ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ጋዜጣ፣ በሂልብሮው የምርጫ ክልል አፓርታይድን የመሠረተው የናሽናል ፓርቲ እጩ እንዲመረጥ አንባቢዎቹን ገፋፋ፤ እጩው ለእነርሱ መብት እቆማለሁ ብሏልና። ብልህ ስሌት ይመስል ነበር፤ ሥልጣን ያለው ማን ነው ብሎ ከእርሱ ጋር መደራደር። የተገኘው ግን ኪሳራ ነው። በውጭ አገር ያሉ ተመሳሳይ ማኅበራት ለንኮሊ ደብዳቤ ሲጽፉና ዘመቻ ሲያደርጉ፣ ዓለም አቀፉ ኅብረታቸው ጋሳን ከአባልነት አገደው፤ ማኅበሩም ብዙ ሳይቆይ ከሰመ። ንኮሊ ከእስር ከወጣ በኋላ በ1988 ከቤቨርሊ ዲትሲና ከሌሎች ጋር ያቋቋመው ግሎው የተባለ ድርጅት ግን ጥቁርና ነጭን ያቀፈ፣ አፓርታይድን በግልጽ የሚቃወም ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1990 በጆሃንስበርግ በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነውን ሰልፍ ሲያካሂድ 800 ያህል ሰዎች ወጡ፤ ከሥራ እንዳይባረሩ የፈሩ አንዳንዶች ፊታቸውን በወረቀት ከረጢት ሸፍነው ነበር። ንኮሊ በዚያ ቀን የተናገረው ጥቁርነቱንና ፍቅሩን ለያይቶ ሊታገልላቸው እንደማይችል ነው፤ ከሁለቱ ጭቆናዎች አንዱ ሳይነሣ ነፃ ወጣሁ ማለት አይችልምና።

በስደት የነበረው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ አመራርም በዚህ ግፊት ነው አቋም የያዘው። በ1987 ለንደን ውስጥ የድርጅቱ ከፍተኛ አመራር ሩት ሞምፓቲ ስለዚህ መብት በጋዜጠኛ ስትጠየቅ፣ እነዚህ ሰዎች የሚበሉትና የሚኖሩበት ያላቸው፣ ችግር ያልገጠማቸው ናቸው በሚል ስሜት ጥያቄውን አጣጣለችው። ንግግሯ በውጭ አገር ያሉትን የፀረ አፓርታይድ ደጋፊዎች አስቆጣ። ሌላው የድርጅቱ አመራር ታቦ ምቤኪ በዚያው ዓመት ከሉሳካ በጻፈው ደብዳቤ ድርጅቱ ማንኛውንም መድልዎ ለማስወገድ የቆመ መሆኑን፣ ይህም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን እንደሚጨምር አረጋገጠ። ሞምፓቲ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ማለት ነጭና ባለጸጋ ነው ብላ ማሰቧ ከጋሳ አንጻር ሲታይ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ከሶዌቶ የመጣ፣ በዴልማስ የተከሰሰ ሰው እያለ ግን ያ ሥዕል ሊቆም አልቻለም። እንግዲህ በ1993 የሕግ ምሁሩ ኤድዊን ካሜሮንና ሌሎች ወደ ሕገ መንግሥቱ ድርድር አዳራሽ ሰነድ ይዘው ሲገቡ፣ አብዛኛው ክርክር ከእነርሱ በፊት በእስር ቤትና በስደት ተካሂዶ ነበር። ተከታዩም በዚያው ሥር የበቀለ ነው፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 1998 የቆየውን የወንጀል ሕግ ሻረ፤ በታኅሣሥ 2005 የጋብቻ እኩልነትን ውሳኔ የጻፈው ዳኛም በ1988 ማፑቶ ውስጥ በመኪናው በተጠመደ ቦምብ ቀኝ እጁን ያጣው የነፃነት ታጋይ አልቢ ሳክስ ነው።

በዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ጥቂቶች የብዙኃኑን ትግል ለራሳቸው አጀንዳ ተጠቀሙበት የሚለው ነው። ለዚህ የተሻለው መልስ ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። ንኮሊ ኅዳር 30 ቀን 1998 በኤድስ ምክንያት አረፈ። በቀናት ውስጥ፣ በታኅሣሥ 10፣ በ1976ቱ የተማሪዎች ዓመፅ ዘመን ገና በልጅነቱ ትግል የጀመረውና በአፓርታይድ ዘመን የታሰረው፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ጥምረት ካቋቋሙት አንዱ የነበረው ዛኪ አችማት፣ በኬፕታውን ለኤድስ ታማሚዎች መድኃኒት የሚታገለውን “የሕክምና ዘመቻ” የተሰኘ ንቅናቄ ከጥቂት ሰዎች ጋር ጀመረ። ዘዴውን ሁሉ ከፀረ አፓርታይድ ትግል ወሰደ፤ በየሠፈሩ ሕዝብ ማስተማር፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር መተባበር፣ በሰልፍ መዘመር፣ ፍርድ ቤት መሄድ፣ ሕግን በግልጽ ጥሶ ርካሽ መድኃኒት ከውጭ ማስገባት። ርካሽ መድኃኒት ለማስገባት በወጣው ሕግ ላይ መንግሥትን የከሰሱት 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች በሚያዝያ 2001 ክሳቸውን አነሡ። በሐምሌ 2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የኤድስ ቫይረስ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚከላከለው ኔቪራፒን በመንግሥት ሆስፒታሎች ሁሉ እንዲሰጥ አዘዘ። አችማት ራሱ ቫይረሱ በደሙ እያለ፣ ድሃው እስኪያገኝ ድረስ እኔም አልወስድም ብሎ ለዓመታት ታግሷል። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ እጅግ አብዛኞቹም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች አይደሉም። ከሰፊው ትግል የተቀበሉትን ለሰፊው ሕዝብ በዚህ መጠን የመለሱ ሰዎች በትግሉ ተጠቀሙበት የሚል ክስ አይገባቸውም። ሌላም ነገር ልብ ይሏል፤ በዚህ ጉዳይ የታገሉት የኤድስን ሳይንስ ይጠራጠር የነበረውን ፕሬዝዳንት ታቦ ምቤኪን፣ በ1987 ያን ደብዳቤ የጻፈላቸውን ሰው ነው። ትግልን መጋራት ለገዥ ፓርቲ ማደር እንዳልሆነ በዚህ አሳይተዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ሥር ነቀል ንቅናቄዎች የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ደጋግመው ከድተዋል የሚለው። እውነት ነው። የሶቪየት አብዮት የቀደመውን የወንጀል ሕግ ቢሽርም ስታሊን በ1930ዎቹ መልሶ አጸደቀው። አብዮታዊት ኩባ ከ1965 ጀምሮ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ከሌሎች “ያልታረሙ” ከተባሉ ሰዎች ጋር ወደ ጉልበት ሥራ ካምፖች ላከች። በነፃነት ትግል ወደ ሥልጣን የመጣው ሮበርት ሙጋቤ በ1995 ማኅበራቸው ከሐራሬ የመጻሕፍት ትርዒት እንዲታገድ አድርጎ ከእንስሳት በታች አድርጎ ሰደባቸው። ዚምባብዌና ደቡብ አፍሪካ ጎረቤት ናቸው፤ ሁለቱም በነጭ አናሳ አገዛዝ ሥር አልፈዋል፤ ሃይማኖታቸውም ይመሳሰላል። ዋናው ልዩነት፣ በእኔ ዕይታ፣ በዚምባብዌ ማንነታቸውን ገልጠው በትግሉ ውስጥ የቆሙና ድርጅቱን ከውስጥ የሞገቱ ሰዎች አለመኖራቸው ነው፤ ማኅበሩ የተመሠረተው ነፃነት ከተገኘ ከአሥር ዓመት በኋላ ነበር። ስለዚህ አብዮት በራሱ ለማንም መብት ዋስትና አይሰጥም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ ታጋይም ሆነ ገዥ ነፃነትን ለራሱ አስፍቶ ለሌላው ማጥበብ ይቀናዋል። አቆራረሱን የሚያስተካክለው በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠና ድርሻዬስ የት አለ የሚል ሰው ነው።

የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማም ይህንኑ ያጠናክራል። በ1984 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የማዕድን ጉድጓዶችን ሊዘጋ ሲነሣ ሠራተኞቹ ለአንድ ዓመት ያህል አደሙ። ማርክ አሽተን የተባለ ወጣት ኮሙኒስትና ጓዶቹ በለንደን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን አስተባብረው በደቡብ ዌልስ ዱላይስ ሸለቆ ለሚኖሩ ሠራተኞች ቤተሰቦች ገንዘብ መሰብሰብ ጀመሩ። የሸለቆው ሰዎች መጀመሪያ ግር ቢላቸውም፣ ፖሊስ የደበደባቸውና ጋዜጣ የሰደባቸው በመሆናቸው እንግዶቹን ለመረዳት ብዙ አልቸገራቸውም። አድማው ተሸነፈ። ወዳጅነቱ ግን አልተሸነፈም፤ በሰኔ 1985 በለንደን ሰልፍ የማዕድን ሠራተኞች ባንዲራቸውን ይዘው ከፊት ተሰለፉ፤ በዚያው ዓመት በሌበር ፓርቲ ጉባኤ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን መብት የሚደግፍ ውሳኔ ሲቀርብ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ድምፁን ሰጠ። ታቸር በ1988 የአካባቢ መስተዳድሮች በትምህርት ቤቶቻቸው ጭምር ጉዳዩን እንዳያስፋፉ የሚከለክል ሕግ ማውጣቷን እንኳ ይህ ወዳጅነት ሊያስቆም አልቻለም። ሕጉ በመጨረሻ የተሻረው ግን ያ ውሳኔ የጸደቀበት ፓርቲ መንግሥት በሆነ ጊዜ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርበው ተቃውሞ ግን ከሁሉ የቀረበ ነው፤ ይህ ሁሉ የሌላ አገር ታሪክ ነው፣ እምነታችንም ሕጋችንም አይፈቅደውም የሚለው። በእርግጥ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ይቀጣል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም በአንድ ቃል ያወግዙታል። ሰው በእምነቱ አንድን ነገር ኃጢአት ብሎ የማመን መብቱ ሊነካበት አይገባም። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም የሃይማኖት አባት ነበሩ፤ ሰውን እንዲህ ሆኖ በመፈጠሩ ማሳደድ በቆዳ ቀለሙ ከማሳደድ አይለይም ብለው ግን አስተምረዋል። ኃጢአትን የማውገዝ ሥልጣንና ሰውን የማሰር ሥልጣን የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለሃይማኖት ሲሆን ሁለተኛው መንግሥት ዜጎቹን ሁሉ በእኩል የሚያይበትን ምክንያት ይፈልጋል። የሌላ አገር ታሪክ ነው ለሚለውም፣ እኛ የምንኮራበት አንድ ምዕራፍ ከዚህ ታሪክ ጋር መጋጠሙን ማስታወስ ይበቃል። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዶ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ነሐሴ 5 ቀን የተያዘው የሹፌር ልብስ ለብሶ ከሲሲል ዊልያምስ ጋር ሲጓዝ ነው። ዊልያምስ ነጭ የቴአትር አዘጋጅ፣ ኮሙኒስትና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነበር። ኢትዮጵያውያን መኮንኖች ያሠለጠኑትን ሰው ለመደበቅ ነፃነቱን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው በነፃዪቱ አገር ወንጀለኛ ይሁን ማለት በማንኛውም የፍትሕ ሚዛን አይመዘንም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ሕጉ ሕይወትን አላዳነም የሚለው ነው። የደቡብ አፍሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበረችው ዩዲ ሲሜላኔ በ2008 በክዋ ቴማ በጭካኔ ተገድላለች፤ በየጥቁር ሠፈሩ ሴቶችን የሚወዱ ሴቶች ዛሬም ይደፈራሉ፣ ይገደላሉ። ይህ ሐቅ ሊሸፋፈን አይገባውም፤ የክርክሬንም ድንበር ያሳያል። አመራሩን ያሳመነው የጋራ እስርና የጋራ ክስ ወደ እያንዳንዱ ጎረቤትና ቤተሰብ አልደረሰም፤ ከድሉ በኋላ የንቅናቄው ጉልበት ወደ ፍርድ ቤት ሲያዘነብል የሠፈሩ ሥራ ሳሳ። ይሁንና ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ትስስሩ ከንቱ ነበር የሚል አይደለም፤ ገና አልተጨረሰም የሚል ነው። ሕጉ ባይኖር የሲሜላኔ ወገኖች ገዳዮቿን በፍርድ ቤት ሲፋረዱ ከመካከላቸው ያሉት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ራሳቸው በወንጀል ሕግ ሥር በሆኑ ነበር።

የደቡብ አፍሪካው አንቀጽ እንግዲህ ከሰማይ አልወረደም፤ ከባዕድም አልተቀዳም። በትግሉ ውስጥ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ማንነታቸውን ሳይደብቁ ድርሻቸውን ስለጠየቁና ጓዶቻቸውም መርሕን ከምቾት ስላስበለጡ የተገኘ ነው። ለዚህም ነው ጉዳዩ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ብቻ ጉዳይ የማይሆነው። በብሔሩ፣ በእምነቱ፣ በፆታው ወይም በአመለካከቱ ጥቂት የሆነ ማንኛውም ሰው አንድ ቀን በብዙኃኑ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ቆሞ ይገኛል። በዚያ ቀን የሚጠብቀው፣ ብዙኃኑ ባለፈው ትግላቸው እኩልነትን የተረዱት ለራሳቸው ብቻ ነበር ወይስ ለማይመስላቸውም ሰው የሚለው ጥያቄ ነው። ያን ጥያቄ አስቀድሞ በትክክል የመለሰ ትግል የሚያቆመው ሥርዓት ለሁሉም ይበቃል፤ ሳይመልስ ያለፈው ግን የጨቋኙን ስም ቀይሮ ጭቆናውን ያስቀጥላል።